«ማኔጅመንት ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» ለሚሉህ

ወገን፣ ዛሬ ስለ ባንዲራ አላወራህም። ስለ ዲግሪህ ነው የማወራህ። ማኔጅመንት፣ አካውንቲንግ፣ ማርኬቲንግ፣ ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ተምረህ ተመርቀህ ቤት ለተቀመጥከው፣ ወይ ደሞ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆነህ «ይሄን ነገር ለምንድነው የምማረው?» እያልክ ሞጁል ለምታገላብጠው። («አንተ» ስል እህቴ አንቺንም ነው።)

እኔም አንዱ ነኝ። ዲግሪ አለኝ፣ ሥራ የለኝም። ስለዚህ ይህን የምጽፍልህ ከቢሮ ወንበር ላይ ሆኜ ልመክርህ አይደለም። አንተ ያለህበት ወረፋ ላይ ቆሜ ነው።

ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ የሚያደክሙኝ። አንደኛው «ዲግሪ ወረቀት ነው፣ አራት ዓመት አቃጠልክ» የሚልህ ነው። ሁለተኛው «ሥራ ጠባቂ አትሁን፣ ሥራ ፈጣሪ ሁን» ብሎ መድረክ ላይ አጨብጭቦ የሚወርደው ነው። ሁለቱም ስለ አንተ የሚያወሩ ይመስላሉ። ግን አንዳቸውም ምን እንደተማርክ ጠይቀውህ አያውቁም። እስቲ እኛው እንጠይቅ።

ትምህርቱ ባዶ ነው?

አይደለም። በምሳሌ ላሳይህ፣ ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፣ አንተ በሰፈርህ ዋጋ ቀይራቸው።

አንዲት ልጅ ጀበና ቡና ልትከፍት ነው እንበል። የቦታ ኪራይ በወር 6,000 ብር፣ ለረዳቷ 3,000 ብር። ድምር 9,000። ይሄ ሰው ቢመጣም ባይመጣም የሚከፈል ቋሚ ወጪ ነው። አንድ ስኒ በ25 ብር ትሸጣለች። ለቡናው፣ ለስኳሩ፣ ለከሰሉ በስኒ 10 ብር ይወጣል። ከእያንዳንዱ ስኒ 15 ብር ይተርፋታል ማለት ነው። 9,000 ለ15 ሲካፈል 600 ስኒ። በ30 ቀን ካካፈልከው በቀን 20 ስኒ። 20 ስኒ ከሸጠች አልከሰረችም፣ አላተረፈችም። 21ኛዋ ስኒ ናት ትርፍ የምትጀምረው። ለራሷ ጉልበት ደሞ ገና ምንም አልከፈለችም! ስለዚህ ቦታውን ከመከራየቷ በፊት አንድ ጠዋትና አንድ ከሰዓት እዚያ ቆማ ስንት ሰው እንደሚያልፍ መቁጠር አለባት።

ይሄ እኮ «ብሬክ ኢቭን» ተብሎ ለፈተና የሸመደድከው ቀመር ነው። ስንት ሰው ነው ይህን ሳያሰላ የእናቱን ወርቅ አሸጦ ከፍቶ በ4 ወሩ የዘጋው?

ሁለተኛ ምሳሌ፣ ባጃጅ። በ400,000 ብር ተገዛች እንበል። ሹፌሩ ለባለቤቱ በቀን 600 ብር ያስገባል፣ በወር 26 ቀን ይሠራል፤ 15,600 ብር። ጋራዥና ዕቃ 4,000 ይቀነስ፤ 11,600 ቀረ። ባለቤቱ «በወር አሥራ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አተርፋለሁ» ብሎ ያንን በልቶ ይጨርሰዋል። ግን ባጃጇ በ5 ዓመት ታልቃለች። 400,000 ለ60 ወር ሲካፈል በወር 6,667 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ትርፉ 5,000 ብር እንኳን አይሞላም። የቀረው ትርፍ ሳይሆን የገዛ ባጃጁን ቆራርሶ እየበላ ነው። በ6ኛው ዓመት ባጃጇ ቆማ ባዶ እጁን ሲቀር «ሰው በዓይኑ በላኝ» ይላል። ዓይን አይደለም። የእርጅና ቅናሽ ነው! አካውንቲንግ አንድ ላይ ተምረኸዋል።

ሦስተኛ፣ እቁብ። ሃያ ሰው በወር 2,000 ብር ይጥላል፣ እጣው 40,000 ነው። የመጀመሪያው ወር ላይ የወጣለትና ሃያኛው ወር ላይ የወጣለት እኩል 40,000 ብር ነው የሚወስዱት። እኩል ነው? ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ይጨምራል እንበል። ከ19 ወር በኋላ የሚወሰደው 40,000 የመጀመሪያው ሰው በወሰደበት ጊዜ ወደ 30,000 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው የሚገዛው። የመጀመሪያው ያለ ወለድ ብድር አገኘ፣ የመጨረሻው ያለ ወለድ አበደረ። ነጋዴው ይህን ያለ ቀመር ያውቀዋል። ለዚህ ነው ቸኩሎ ገንዘብ የፈለገ ሰው የሌላውን እጣ ከፍሎበት የሚገዛው። ፋይናንስ ክፍል ውስጥ «የገንዘብ የጊዜ ዋጋ» ሲሉህ የነበረው ይሄው ነው። መምህሩ በእቁብ ጀምሮ ቢያስተምርህ ኖሮ በአንድ ቀን ይገባህ ነበር።

አራተኛውን በደንብ ስማኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ጓደኞቻችንን ያስለቀሰው እሱ ነው። «ገብተህ አምስት ሰው አስገባ፣ እነሱም አምስት አምስት ያስገባሉ» የሚሉህ አሉ አይደል? ስሙን እየቀያየሩ ይመጣሉ። ካልኩሌተርህን አውጣ። 5፣ 25፣ 125 እያልክ በ5 አባዛ። 12ኛው ዙር ላይ 244,140,625 ሰው ያስፈልግሃል። የኢትዮጵያ ሕዝብ በሙሉ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር ቢገባ አይበቃም! ስለዚህ ከታች ያለው ሰው ገንዘቡን የሚያስመልስበት መንገድ የለም። ስንፍና ወይም እድል አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የተማረ ሰው ደሞ መጠርጠሪያ መሣሪያው እጁ ላይ ነው።

እንግዲህ ንገረኝ፣ ይሄ ሁሉ «ወረቀት» ነው?

ታዲያ ችግሩ የት ነው?

ችግሩ እውቀቱ ከሥራ ተነቅሎ ለፈተና መምጣቱ ነው።

ፋዮልን ታስታውሰዋለህ። ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ማስተባበር፣ መቆጣጠር። ሸምድደን ጽፈናል፣ ነጥብ አግኝተናል። ሰውዬው ግን ፈረንሳዊ የማዕድን መሐንዲስ ነበር። ችግር ላይ የወደቀ የማዕድን ኩባንያ ተረክቦ ለአሥርተ ዓመታት መርቶ ነው ያየውን በ1916 እ.ኤ.አ. የጻፈው። ቴይለርም እንዲሁ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሰዓት ይዞ ሠራተኛ ሲሠራ እየለካ ነው ሐሳቡን ያወጣው። እነሱ መጀመሪያ ሠሩ፣ ከዚያ ጻፉ። እኛ የጻፉትን ሸመደድን፣ የሚሠራበት ቦታ ግን አላየንም። ማኔጅመንት ተምሮ አንድም ሰው አስተዳድሮ የማያውቅ፣ ማርኬቲንግ ተምሮ አንድም ዕቃ ሸጦ የማያውቅ ትውልድ ሆንን። መርካቶ አንድ ቀን እንኳን ሳንላክ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ምሳሌ ተነተንን።

ፋይናንስ ስንማር ስለ አክሲዮን ገበያ ምዕራፍ ሙሉ ሰልተናል። አገራችን ውስጥ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው በጥር 2017 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ተማሪ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ሲማር ነበር። አሁን ላሚቱ ወርዳለች፣ ግን ስንቱ ተመራቂ ነው አንድ ኩባንያ አክሲዮን ሲሸጥ የሚያወጣውን ሰነድ አንብቦ «ይሄ ቁጥር አልተዋጠልኝም» ማለት የሚችለው?

የግብሩ ደሞ ይብሳል። ከደሞዝ ላይ ከግብር ነፃ የሆነው መጠን ድሮ 150 ብር ነበር። በ2008ቱ አዋጅ 600 ብር ሆነ። በ2017 መጨረሻ በወጣው ማሻሻያ 2,000 ብር ገባ። እኔ የተማርኩበት ሃንድአውት ላይ የነበረው 150 ነው! ሕጉ ከተለወጠ ዓመታት አልፈው ማለት ነው። የንግድ ሕግም እንዲሁ ነው። የ1952ቱ ሕግ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። አዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ማለትም ድርጅትህ ቢከስር ዕዳው በመሠረቱ ለድርጅቱ ባስገባኸው ገንዘብ ላይ ይቆማል፣ የቤተሰብህ ቤት ላይ አይመጣም። ሥራ ልጀምር ለሚል ወጣት ከዚህ የበለጠ ምን ማወቅ ያስፈልገዋል? ስንቶቻችን ነን ክፍል ውስጥ የሰማነው?

ከ2015 ጀምሮ ደሞ የመውጫ ፈተና መጣ። 50 ከመቶ ማምጣት ግዴታ ነው። እኔ ፈተናውን አልቃወምም። ዝም ብሎ ዲግሪ መበተን መቆም ነበረበት። ግን ጥያቄው ምርጫ ነው፣ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ»። ምርጫ ማክበብ የሚችል ሰው ደረሰኝ ሰብስቦ የወር ሒሳብ መዝጋት ይችላል ማለት አይደለም። አሠሪውም ይህን ስለሚያውቅ ነው «2 ዓመት ልምድ» የሚለው። እውነቱን ለመናገር ልምድ ሲል «ዩኒቨርሲቲው ያላስተማረህን ሌላ ሰው ያስተምርህና ና» ማለቱ ነው። ሁሉም «ሌላ ሰው ያስተምረው» ካለ ታዲያ ማን ያስተምርህ?

«ሥራ ፈጣሪ ሁን» የሚለው መፈክር

አንተርፕረነርሺፕ የሚባል ኮርስ አለ፤ ሁላችንም ወስደናል። በቡድን ሆነን ቢዝነስ ፕላን ጻፍን። አንዱ ጻፈ፣ አምስቱ ስማቸውን አስገቡ፣ ያው ታውቀዋለህ። ተሰጠ፣ ታረመ፣ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ማንም ያንን ፕላን ወስዶ 20,000 ብር ሰጥቶን «እስቲ ሦስት ወር ሞክሩት» አላለንም።

ከተመረቅክ በኋላ ባንክ ስትሄድ መጀመሪያ የሚጠይቁህ መያዣ ነው። ቤት አለህ? መኪና አለህ? በተንቀሳቃሽ ንብረት መበደር የሚያስችል አዋጅ ከ2011 ጀምሮ አለ፣ ቁጥር 1147። ጥሩ ሕግ ነው። ግን እሱም የሚጠቅመው ማሽን ላለው፣ ከብት ላለው፣ ዕቃ ላለው ነው። ዲግሪ ይዞ ከዩኒቨርሲቲ ዶርም ለወጣ ልጅ ምን አለው? ስለዚህ «ሥራ ፍጠር» የሚለው ሰው መነሻ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ካልነገረህ ምክር ሳይሆን ወቀሳ ነው ያቀበለህ። የሥራ አጥነቱን ጥፋት ከሥርዓቱ ትከሻ አንስቶ ያንተ ትከሻ ላይ ጫነው። አትቀበለው።

ግን ደሞ ይህን ብለህ እጅህን አጣጥፈህ መቀመጥም አትችልም። እዚህ ላይ ነው ወደ ዋናው ነገር የምመጣው።

ይሄ ለምን የአገር ጉዳይ ሆነ?

በ1888 ዓድዋ ላይ አሸነፍን። ሁላችንም እንኮራበታለን፣ ልንኮራም ይገባል። ከዚያ አሥር ዓመት ሳይሞላ በ1898 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ ሲከፈት ግን የሚመራው በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ነበር። የጦር ሜዳውን በራሳችን ልጆች አሸንፈን የሒሳብ መዝገቡን ለባዕድ ሰጠን። ባንኩ ተገዝቶ «የኢትዮጵያ ባንክ» እስኪሆን 25 ዓመት ገደማ ፈጀ። ከነፃነት በኋላ በ1930ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ፣ ሁላችንም «ኮሜርስ» የምንለው፣ የተከፈተው ያለ ምክንያት አይደለም። መዝገብ የሚይዝ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ቢሮ የሚያንቀሳቅስ የራስ ሰው ያስፈልግ ነበር። የቢዝነስ ትምህርት እዚህ አገር ሲጀመር ሥራ ላይ የተመሠረተ ነበር ማለት ነው።

ዛሬስ? በታኅሣሥ 2017 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል። ከዚያ በፊት በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ትልልቆቹ ይመጣሉ። ሲመጡ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ይፈልጋሉ፤ በር የሚጠብቅና ሒሳብ የሚሠራ። እኛ የትኛው እንሆናለን? ይህን መንገድ ላይ በመጮህ አትመልሰውም። ውል አንብቦ የሚገባው፣ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ አይቶ የተደበቀውን የሚያገኝ፣ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበርን ሒሳብ ከብክነት የሚጠብቅ ወጣት ሲኖር ነው የሚመለሰው። አገር ወዳድነት ያለ ሒሳብ መዝሙር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እና ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ለአንተ፣ ተመርቀህ ለተቀመጥከው።

አንድ፤ የምታውቀው አንድ ሱቅ ምረጥ። የአጎትህ፣ የጎረቤትህ፣ የእድራችሁ ሒሳብም ሊሆን ይችላል። ሂድና «ሦስት ወር መዝገብህን በነፃ ልያዝልህ» በለው። በየቀኑ የገባ፣ የወጣ፣ በዱቤ የሄደ፣ ያደረ ዕቃ። መጀመሪያ ይጠረጥርሃል፣ ነጋዴ ምስጢሩን አይሰጥም። ስለዚህ ምስጢሩን ጠብቅ፣ ቃልህን አክብር። በሦስተኛው ወር «የትኛው ዕቃህ እንደሚያተርፍህና የትኛው መደርደሪያ ላይ ገንዘብህን ይዞብህ እንደቆመ ይኸው» ብለህ አሳየው። ለቀጣዩ አሠሪ «ልምድ የለኝም» አትለውም፣ ሥራህን ታሳየዋለህ።

ሁለት፤ ሕጉን ከምንጩ አንብብ። ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ነው የሚታተመው። ከሃንድአውት ይሻላል። ደሞዝ ላይ የሚቆረጠውን ጡረታ ዕወቅ፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። ቫት 15 በመቶ ነው። አሁን ልፈትንህ፤ ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር በተሸጠ ዕቃ ውስጥ ቫቱ ስንት ነው? 172 ብር ከ50 ካልክ ተሳስተሃል። 150 ነው፣ ምክንያቱም 15 በመቶው የሚሰላው በ1,000 ብሩ ላይ ነው። ይህችን የማያውቅ ስንት ባለ ሱቅ አለ መሰለህ!

ሦስት፤ ኤክሴል። ፒችትሪ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ስለሚጠየቅ ብትማረው ጥሩ ነው። ግን ኤክሴልን በደንብ የያዘ ሰው የትም አይቸገርም። ኮምፒውተር ከሌለህ የጓደኛህን ተዋስ፣ የቀበሌውን ወጣት ማዕከል ጠይቅ። በስልክህም ቢሆን ጀምር።

አራት፤ ብቻህን አትሁን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። አንድ አካውንቲንግ፣ አንድ ማርኬቲንግ፣ አንድ ማኔጅመንት፣ አንድ አይቲ የተማረ ሆናችሁ ለአካባቢያችሁ ትንንሽ ነጋዴዎች መዝገብ አያያዝ፣ የዋጋ ስሌት፣ የቴሌግራም ሽያጭ ሥሩላቸው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ኦዲት ማድረግና መፈረም ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው፣ የፈቃድ ሥራ ውስጥ ሳይፈቀድልህ አትግባ። የጀመርከው ሥራ ገቢ ሲያመጣም በሕጉ ተመዝገብ።

ቀጥሎ ለመምህራኖቻችን። እናከብራችኋለን፣ ደሞዛችሁ ከእኛ ችግር ብዙም እንደማይርቅ እናውቃለን። አንድ ነገር ብቻ እንለምናችሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ከቤተ መጻሕፍት አውጡት። ተማሪው ከኢንተርኔት ገልብጦ ስለ «ሠራተኛ ተነሳሽነት» ስድሳ ገጽ ከሚጽፍ አንድ ዳቦ ቤት ገብቶ አንድ ሴሚስተር ሙሉ የዳቦውን እውነተኛ ወጪ አስልቶ ይምጣ። ምሳሌውን ከእቁብ፣ ከጫት ጫኝ፣ ከቡና አቅራቢ፣ ከሽመና ቤት ውሰዱ። እንግሊዝኛውን ቃል ስታስተምሩ አማርኛውንም አስተምሩ፤ ተመርቀን የምናነጋግረው ነጋዴ «ዲፕሪሲየሽን» ብንለው ምን ይለናል?

ለአሠሪዎችም። ገንዘብ ቤት ተቀምጦ ደረሰኝ ለሚቆርጥ ሰው «2 ዓመት ልምድ» አትጠይቁ። ሦስት ወር በትንሽ ክፍያ ፈትኑን። የማይችለውን አሰናብቱ፣ የሚችለውን ያዙ። ልምድ የሚባለው ነገር እናንተ ካልሰጣችሁት ከየትም አይመጣም።

በመጨረሻ አንድ ነገር። ቤት ስትቀመጥ፣ ሰው «አሁንም አልተሳካም?» ሲልህ፣ የተማርከው ሁሉ ከንቱ እንደሆነ ቀስ በቀስ ማመን ትጀምራለህ። እናትህ ስንቅ እየቋጠረች የላከችህ፣ አባትህ ከደሞዙ ላይ እየቀነሰ ያስተማረህ ለወረቀት ነው ብለህ እንድታምን አልፈቅድልህም። ማስላት ትችላለህ። ማስላት የሚችልን ሰው ደሞ ማታለል ከባድ ነው፣ አለቃም ይሁን፣ ነጋዴም ይሁን፣ ፖለቲከኛም ይሁን።

ስለዚህ ይህን አንብበህ ላይክ አድርገህ አትለፍ። ነገ ጠዋት አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘህ አንድ ሱቅ ግባ። ምን እንዳጋጠመህ ኮሜንት ላይ ጻፍልን፣ ባለ ሱቁ ቢያባርርህም ጻፍ። ለተመረቀ ጓደኛህም ሼር አድርግለት።

ንቃ ወገን! አስላ!